ሐይቅ ላይ ለውጭ አንቴና ቡስተር መግጠም፦ ምሰሶው ላይ ወይስ ከቲቪው ጀርባ?

ሐይቅ_ዳር

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ። የአንቴና ነገር የምታውቁ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ። ቤታችን ሐይቅ ከተማ ዳርቻ ላይ ነው። ባለ ብዙ ዘንግ የውጭ አንቴና በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ወደ ደሴ አቅጣጫ ዞሯል፤ ከቆርቆሮው የሚበልጠው አንድ ሜትር ያህል ነው። ከአንቴናው እስከ ሳሎን 35 ሜትር ገደማ ኬብል አለ። ሳሎን ሲደርስ በስፕሊተር ለሁለት ይከፈልና ሌላ 20 ሜትር ኬብል ጓሮ ወዳለው የእናቴ ቤት ይሄዳል። ሁለቱም ቤት የምንጠቀመው በአንቴና የሚመጣውን ዲጂታል ስርጭት የሚቀበል ቲ2 ሪሲቨር ነው።

ሳሎን ስትሬንግዝ (የሲግናሉ ጉልበት) 60፣ ኳሊቲ (ጥራቱ) 30 አካባቢ ይዋልላል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። እናቴ ቤት ጭራሽ ሲግናል የለም ይላል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይብሳል። አሁን 30 ዲቢ (የሲግናል ማደግና መቀነስ መለኪያ) የሚል ቡስተር ገዝቻለሁ፤ አንዲት ትንሽ የብረት ሳጥን ናት፣ ከባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ጋር። ሻጩ ከቲቪው ጀርባ ሰካው አለኝ፣ ጎረቤት ደግሞ ቦታው ምሰሶው ላይ ነው ይላል። የቱ ነው ትክክሉ? አገጣጠሙስ እንዴት ነው?


የጦሳ_ግርጌ

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ጎረቤትህ ልክ ነው። አምፕሊፋየሩ (ቡስተር ያልከው) የሚገጠመው ምሰሶው ላይ ነው፣ ከአንቴናው ቢበዛ በአንድ ሜትር ኬብል ርቀት። ፓወር ሰፕላዩ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ 12 ቮልቱ ምስሉ በሚወርድበት በዚያው ኬብል ወደ ላይ ይወጣል። ከቲቪው ጀርባ ብትሰካው ስትሬንግዙ ያድጋል፣ ኳሊቲው ግን ብዙም አይነቃነቅም። ዲጂታል ላይ ደግሞ ምስሉን የሚያቆመው ኳሊቲው ነው።

ምክንያቱን ልንገርህ። አምፕሊፋየር ሲግናሉን ከኖይዙ (ከሚረብሸው ነገር) ለይቶ አያሳድግም። የገባለትን ሁሉ አንድ ላይ ያሳድጋል፣ የራሱንም ትንሽ ኖይዝ ይጨምርበታል። ደፍርሶ የወረደ ውሃ በትልቅ እንስራ ስለተቀዳ አይጠራም። ስለዚህ ማጉላት ያለብህ ሲግናሉ ኬብል ውስጥ ሳይደክም፣ ገና ከአንቴናው እንደወጣ ነው።

ያንተን ቤት በቁጥር እንየው። ደህና አርጂ 6 ኬብል 600 ሜጋኸርዝ አካባቢ በ100 ሜትር 18 ዲቢ ያህል ይበላል። የ35 ሜትሩ ድርሻ ከ6 ዲቢ ትንሽ ይበልጣል። ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር 4 ዲቢ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ሳሎን ላይ 10 ዲቢ ጎድሎ ነው የሚደርስህ፤ አንቴናው ከያዘው ከአሥር እጅ አንዱ ማለት ነው። ወደ እናትህ የሚሄደው 20 ሜትር 3.6 ዲቢ ሲጨምርበት ጉድለቱ 14 ዲቢ ይሆናል፤ ከ25 እጅ አንዱ ብቻ ይተርፋል። እዚያ ሲግናል የለም ማለቱ አያስገርምም።

የሪሲቨሩ የራሱ ኖይዝ 7 ዲቢ ነው ብለን እንያዝ። ያለ አምፕሊፋየር ሳሎን ላይ ይህ ከ10 ዲቢው ጉድለት ጋር ተደምሮ ጠቅላላው 17 ዲቢ ይሆናል። የራሱ ኖይዝ 2 ዲቢ የሆነ ባለ 20 ዲቢ አምፕሊፋየር ከቲቪው ጀርባ ብታስገባ ወደ 12 ይወርዳል። ያንኑ ዕቃ ምሰሶው ላይ ብትሰቅለው ወደ 3 ከሩብ ይወርዳል፣ እናትህ ቤት እንኳ 4.5 አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ነው ጥሩ የሚሆነው። ዕቃው አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ የቦታው ልዩነት ግን 9 ዲቢ ነው።

ስለ 30 ዲቢው ደግሞ፦ ብዙ ሰው ትልቁን ቁጥር አይቶ ይገዛል። ከላይ ባስቀመጥኩት ስሌት ከ20 ወደ 30 ዲቢ ብትወጣ የምታተርፈው ሳሎን ላይ አንድ ዲቢ ያህል ነው። በለውጡ ግን አንድ ጠንካራ ሲግናል ሲገባበት አምፕሊፋየሩ ይታፈናል፣ ጣቢያዎቹን እርስ በርስ ያደባልቃል፣ ያኔ ስትሬንግዝ 95 ሆኖ ኳሊቲ 0 ታያለህ። ላንተ ቤት ከ15 እስከ 20 ዲቢ ይበቃል። የገዛኸው ላይ በትንሽ ካቻቢቴ የሚዞር ማስተካከያ ካለው ችግር የለም። መጀመሪያ እስከ ታች አውርደው፣ ከዚያ ኳሊቲ እያየህ ቀስ እያልክ ጨምር፤ ኳሊቲው ማደጉን ሲያቆም ትንሽ መለስ አድርገህ ተወው።

አምፕሊፋየር ከመስቀልህ በፊት ግን አንድ ሙከራ አድርግ፣ ይቺን አትዝለላት። ሪሲቨሩንና ትንሽ ቲቪ ይዘህ ምሰሶው ሥር ሂድ፣ አዲስ አጭር ኬብል ከአንቴናው በቀጥታ አውርደህ ያለ ስፕሊተር ሰካ። እዚያ ኳሊቲው ደህና ሆኖ ሳሎን የሚወርድ ከሆነ ሲግናሉን የሚበላው መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው፤ አምፕሊፋየርም ይጠቅምሃል። እዚያው ምሰሶው ሥርም ኳሊቲው የሞተ ከሆነ ግን አንቴናው ራሱ አልያዘም። ያኔ ሥራው ከፍታና አቅጣጫ ላይ ነው።

ከፍታው በበኩሌ አሁንም አይበቃም። ከቆርቆሮ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ አንቴና ከቆርቆሮው ነጥሮ የሚመጣውን ሲግናል አብሮ ይቀበላል። ቢያንስ 3 ሜትር ከጣሪያው ጫፍ በላይ አውጣው። ባሕር ዛፉን በ1.5 ኢንች የብረት ቱቦ ብትቀይረው ይሻላል፤ ቀጭን ባሕር ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛል፣ አንቴናው በተወዛወዘ ቁጥር ኳሊቲውም ይወዛወዛል። ቱቦውን በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ወጥር። ቦታ ስትመርጥ የመብራት መስመር ካለበት ራቅ፤ ምሰሶው ቢወድቅ በየትኛውም በኩል ሽቦውን የማይነካበት ቦታ መሆን አለበት። በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

ዘንጎቹ ተኝተው ነው ወይስ ቆመው የሚለውንም አረጋግጥ። ማሰራጫው በአግድም የሚልክ ከሆነ ዘንጎቹ ከመሬት ጋር ትይዩ መተኛት አለባቸው፤ በደንብ የሚያይ ጎረቤት አንቴናውን እንዴት እንዳደረገው አይተህ ተከተል። አቅጣጫውንም ስታስተካክል በአምስት በአምስት ዲግሪ እያዞርክ፣ በየቦታው ትንሽ ቆም እያልክ ነው፤ ሪሲቨሩ ቁጥሩን ለማሳየት ሁለት ሦስት ሰከንድ ይዘገያል።

ገመድ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአንቴናው የሚወጣው አጭር ኬብል አምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ይገባል። ከመውጫው 35 ሜትሩ ይነሳና ሳሎን ሲደርስ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ማስገቢያ ላይ፣ አንቴና ወይም አምፕሊፋየር የሚል በተጻፈበት በኩል ይሰካል። ቲቪ የሚለው በኩል ወደ ስፕሊተሩ ይሄዳል። ከስፕሊተሩ አንዱ ለሳሎን፣ አንዱ ለእናትህ። ሁለቱን ቀዳዳ ካቀያየርክ 12 ቮልቱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ስፕሊተሩ ይሄዳል፣ አምፕሊፋየሩም በድን ሆኖ ይቀራል። በድን የሆነ አምፕሊፋየር ደግሞ ሲግናል አያሳልፍም፣ ሳትገጥመው ከነበረው የባሰ ይሆንብሃል። ስፕሊተሩ በምንም ምክንያት ከፓወር ሰፕላዩና ከአምፕሊፋየሩ መሃል አይግባ። የግድ ከሆነ ጀርባው ላይ ፓወር እንደሚያሳልፍ የተጻፈበት ስፕሊተር መሆን አለበት፣ ያውም ያ ምልክት ባለበት መውጫ በኩል ብቻ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቲ2 ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ የአንቴና ፓወር የሚል ምርጫ አለ። እሱ 5 ቮልት ያወጣል፣ ላንተ ባለ 12 ቮልት ዕቃ አይሆንም። ሁለቱም ሪሲቨር ላይ አጥፋው።


ቴስተር_ኮምቦልቻ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ሰው የሚንቀውን ኬብልና ኮኔክተር ልጨምርበት፤ ዝናብ ሲጥል ይብሳል ካልክ ውሃ የገባበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ኬብሉ ላይ የተጻፈውን አንብብ። አርጂ 59 ከሆነ በ100 ሜትር 25 ዲቢ አካባቢ ይበላል። ምንም ያልተጻፈበት ቀጭን ጥቁር ኬብል ከዚያም ይብሳል፤ ልጡን ብትልጠው የውጭው ሽቦ የላላ ወንፊት ነው፣ ከስሩ ፎይል የለውም። እንዲህ ያለውን ጣለው። አዲስ አርጂ 6 ስትገዛ ጫፉን ልጠህ አይተህ ግዛ፦ መሃሉ አንድ ወጥ ሽቦ፣ በዙሪያው ነጭ ስፖንጅ፣ ከዚያ ፎይል፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ ሽቦ። ከአንቴና እስከ ቤት አንድ ወጥ ይሁን፣ አትቀጥል።

ኬብሉ ጫፍ ላይ ኤፍ ኮኔክተር (የሚጠመዘዘውን ማያያዣ) ስታስገባ ከውጭ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ላጥ፣ ሽቦውን ወደ ኋላ እጠፍ፣ ነጩ ስፖንጅ ከኮኔክተሩ የውስጥ ወለል ጋር እኩል እስኪሆን ግፋ። የመሃሉ ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ይበል። ካጠረ አይነካም፣ ከረዘመ የዕቃውን አፍ ያሰፋዋል። ዋናው ነገር ከውጭው ሽቦ አንዲት ፀጉር የምታህል እንኳ ተርፋ መሃሉን እንዳትነካ። ያለ ፓወር ሲሆን ይህ ሲግናል ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ አሁን ግን ኬብሉ 12 ቮልት ይዟል፣ ሾርት አድርጎ ፓወር ሰፕላዩን ያቃጥለዋል። ተጠምዝዞ የሚገባው ኮኔክተር ቤት ውስጥ ይሁን ግድ የለም። ውጭ ግን በመጫኛ የሚጨመቀውን ተጠቀም።

ከመክፈትህ በፊት ቴስተር ያዝ። ሁለቱም ጫፍ ባዶ ሳለ የመሃሉንና የውጩን ሽቦ ለካ፤ ድምፅ ካሰማ ሾርት አለ፣ ፈልገህ አስወግድ። ቀጥሎ ታች ፓወር ሰፕላዩን ብቻ አገናኝተህ ሰካና ላይ ምሰሶው ጋ የኬብሉን ጫፍ ለካ፦ መሃሉ ፖዘቲቭ ሆኖ 12 ቮልት አካባቢ ማግኘት አለብህ። ካገኘህ ታች ንቀል፣ ላይ አምፕሊፋየሩን እሰር፣ ከዚያ እንደገና ሰካ። ፓወር እየሄደ ኮኔክተር አይታሰርም፣ ስታሽከረክረው መሃሉ ጠርዙን ይነካል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለው መብራት ሲሰካ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ሾርት አለ፣ ወዲያው ንቀል።

ለዝናቡ፦ ሳጥኑ ኮኔክተሮቹ ወደ ታች እንዲያዩ ሆኖ ይሰቀል። ኬብሉ ኮኔክተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ሸብረክ ይበል፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሄድም። ኮኔክተሩን መጀመሪያ ራሱን በራሱ በሚያጣብቀው የጎማ ቴፕ፣ እየሳብክ ከታች ወደ ላይ ጠቅልል፤ ከላዩ ናስትሮ ደርብበት። ናስትሮ ብቻውን አንድ በጋ ፀሐይ ከበላው በኋላ ይላላል። ኬብሉን ምሰሶው ላይ በየግማሽ ሜትሩ እሰር፣ ግን አንቀህ አትጭነው፤ የተጨፈለቀ ኬብል የተበላሸ ኬብል ነው።


ሐይቅ_ዳር

አላህ ይስጣችሁ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ምሰሶው ሥር ወርጄ ሞከርኩት፦ በአጭር ኬብል ስትሬንግዝ 75፣ ኳሊቲ 58 ቆሞ ይቆያል፣ ምስሉም አይቆራረጥም። የድሮውን ኬብል ሳወርደው ሁለት ቦታ ላይ ተጠምዞ በናስትሮ ተቀጥሏል። አንዱን ስፈታው የመሃሉ መዳብ አረንጓዴ ሆኗል፣ የውጩ ሽቦ ጠቁሮ በእጅ ሲነካ ይፈረካከሳል። ኬብሉን በሙሉ ልቀይር ነው። ቡስተሩ ላይ ማስተካከያ ብሎን አለው፣ ከ47 እስከ 862 ሜጋኸርዝም ይላል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ማታ ማታ መብራቱ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል፤ እናቴ ቤት ደግሞ ሶላር አለ። ሌላው መብረቅ ነው። ምሰሶውን ከፍ ካደረግነው ለቤቱ አያሰጋም ወይ?


የጦሳ_ግርጌ

አብሽር ወንድሜ፣ የሙከራው ውጤት ደስ የሚል ነው። ምሰሶው ሥር 58 ካየህ አንቴናው ሥራውን እየሠራ ነው፣ የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው። ምናልባት ኬብሉን ስትቀይር ብቻ ሳሎኑ ሊስተካከል ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን አይተህ ከዚያ አምፕሊፋየሩን ስቀል። ለእናትህ ቤት ግን ያስፈልግሃል።

አረንጓዴ ስለሆነው መዳብ፦ ይህ ዝገት ነው፣ ውሃ በቅጥሉ ገብቶ ኬብሉን ይዞ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ቅጥሉን ብቻ ቆርጠህ ሌላውን አስቀራለሁ አትበል፣ ስፖንጁ ውኃ ከጠጣ ሜትሮች ርቆ ይደርሳል።

የመብራቱን ነገር በተመለከተ፣ ፓወር ሰፕላዩን አገላብጠህ ምን እንደተጻፈበት እይ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የማታው መውረድ አያስቸግረውም። 220 ቮልት ብቻ ብሎ ከበድ የሚል ከሆነ ውስጡ ትራንስፎርመር ነው፤ መስመሩ ወደ 170 ሲወርድ 12 ቮልቱም አብሮ ይወርዳል፣ ምስሉም ቀን ደህና ሆኖ ማታ ይቆራረጣል። ቮልቱና የፖዘቲቩ አቅጣጫ አንድ የሆነ፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ሌላ ብትቀይረው ያልቃል። ስታብላይዘር ካለህ ደግሞ ዲቫይደሩን እሱ ላይ ሰካ።

መብራት ሲጠፋ የሳሎኑ ፓወር ሰፕላይ ይጠፋል፣ አምፕሊፋየሩም ይሞታል፣ እናትህ ሶላር ቢኖራቸውም ሲግናል አያገኙም። ስለዚህ የተሻለው 35 ሜትሩን መጀመሪያ ወደ እሳቸው ቤት ማውረድ፣ ፓወር ሰፕላዩንና ስፕሊተሩን እዚያ አድርጎ ወደ ሳሎን 20 ሜትሩን መመለስ ነው። ያኔ መብራት ቢኖርም ባይኖርም አምፕሊፋየሩ ከሶላሩ ኢንቨርተር ይሠራል። የሚበላው ኃይል ከምንም አይቆጠርም፣ አንድ ሁለት ዋት ነው። ከሶላሩ ባትሪ በቀጥታ ግን አትስጠው፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል፣ መሃል ላይ 12 ቮልት የሚያወጣ ሬጉሌተር ይግባ።

አሁን መብረቁ። ይህን በደንብ ያዘው። ወሎ ውስጥ ከክረምቱ ሌላ በልጉም ነጎድጓድ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ ነው መጠንቀቅ ያለብህ። የብረት ምሰሶ መሬት መያዝ (አርዝ መደረግ) አለበት። 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከምሰሶው እግር በፋሼታ አጥብቀህ እሰርና ባጭሩና በቀጥታ ወደ መሬት አውርደው፤ ክብ አድርገህ ወይም በሹል ማዕዘን አታጥፈው፣ መብረቅ ጥምዝምዙን ትቶ ወደ ግድግዳህ ይዘላል። መሬት ውስጥ የሚገባው የመዳብ ዘንግ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይቀበር፣ 2.4 ከሆነ ይሻላል። መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ሁለት ዘንግ ቀብረህ አያይዝ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአንዱ ዘንግ ርዝመት አይነስ። የቤቱ መብራት የራሱ አርዝ ካለው ከዚያ ጋር መያያዝ አለበት። ሁለት ያልተገናኘ አርዝ በመብረቅ ጊዜ ልዩነት ይፈጥርና ልዩነቱ የሚያልፈው በሪሲቨርህ ውስጥ ነው። ኬብሉም ቤት ከመግባቱ በፊት የውጭ ሽቦው በአርዝ ማያያዣ ኮኔክተር በኩል ከዚያው ሽቦ ጋር ይታሰር።

ይህ ሁሉ ሆኖ በቀጥታ የመታ መብረቅ አምፕሊፋየሩን አይተወውም። አርዙ የሚያደርገው ቤቱንና ሰዎቹን ከአደጋ መቀነስ ነው። ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓዱ ገና ሩቅ እያለ፣ የፓወር ሰፕላዩን ሶኬት ንቀል፣ ኬብሉንም ከሪሲቨሩ አውጣ። መብረቅ እየበረቀ ኬብል መንካት ግን አይገባም፣ ያኔ ተወው።

ከ47 እስከ 862 ሜጋኸርዝ ማለቱም አንድ ነገር ያስታውሰኛል። አጠገብህ የሞባይል ታወር አለ ወይ? እንዲህ ያለ ሰፊ አምፕሊፋየር ከ862 በላይ ያለውንም በአንድ ጊዜ አይዘጋም፣ 900 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሠራ ታወር ቅርብ ከሆነ ሊያፍነው ይችላል። ምልክቱ ታወሩ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ሰዓት ሁሉም ጣቢያ በአንዴ መቆራረጡ ነው። መፍትሔው የሞባይል ሲግናል የሚዘጋ ትንሽ ፊልተር ከአንቴናውና ከአምፕሊፋየሩ መሃል ማስገባት ነው። ከአምፕሊፋየሩ በኋላ ብታስገባው አይረዳም፣ እሱ አስቀድሞ ታፍኗል።


ከኩታበር

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄው እኔንም ስለሚነካ ነው የገባሁት። እኔ ያለሁት ኩታበር፣ ከተራራ ጀርባ ነው። ምሰሶው ሥር ራሱ ስትሬንግዝ 10፣ ኳሊቲ 0 ነው የሚያሳየኝ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ባዞረው ለውጥ የለም። ትልቅ ቡስተር ብገዛ ያዋጣኛል?


ቴስተር_ኮምቦልቻ

አያዋጣህም ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ዜሮ በመቶ ቢባዛ ያው ዜሮ ነው። አምፕሊፋየር አንቴናው ያልያዘውን አይፈጥርም። ሥራው ተይዞ መንገድ ላይ የሚጠፋውን ማዳን ብቻ ነው። ይህ የምድር ስርጭት የሚሄደው በዓይን ቀጥታ በሚታይ መስመር ነው፤ ተራራ አናት ላይ ትንሽ ታጥፎ ይወርዳል እንጂ ከጀርባው ሥር ለተጠጋ ቤት እጅግ ደክሞ ነው የሚደርሰው። ጉብታው ላይ ዘመድ ካለህ አንቴናውን እዚያ መሞከር ትችላለህ፣ ካልሆነ ግን የምመክርህ ዲሽ ነው።


ዲሽ_ወልዲያ

በዚሁ ላይ ልቀጥል። ብዙ ሰው ተራራ አንቴናውን ከጋረደው ዲሹንም የሚጋርደው ይመስለዋል። አይደለም። ኢትዮሳት (የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የዲሽ ስርጭት) ያለበት ኤንኤስኤስ 12 የሚባለው ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፣ ከደሴና ከኩታበር ሲታይ ደግሞ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ወደ አናትህ የቀረበ ማለት ነው። አቅጣጫው ከሰሜን ተነስቶ የሰዓት ቆጣሪ እንደሚዞረው ዞሮ 122 ዲግሪ አካባቢ፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ተራራ አይደርስበትም፣ የሚያሰጋህ አጠገብህ ያለ ባሕር ዛፍ ወይም የቤት ጣሪያ ነው። ናይልሳት ግን 7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነ ከዚህ 35 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍታው፣ በምዕራብ በኩል ጠጋ ያለ ገደል ካለ እሱን ሊከለክልህ ይችላል።

ኮምፓስ በስልክ ስትጠቀም ከብረት ምሰሶውና ከቆርቆሮው ራቅ ብለህ ለካ፣ ብረት ያሳስተዋል። ኤልኤንቢውም (ዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው መቀበያ) ቀጥ ብሎ አይታሰርም፤ ከዲሹ ጀርባ ቆመህ ወደ ሳተላይቱ እያየህ ወደ ግራ 56 ዲግሪ ያህል ይጋደላል፣ የመጨረሻውን ኳሊቲ እያየህ አስተካክል። ለመፈለጊያ ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 አስገባ። ይህችን መጋደል የማያደርግ ሰው ስትሬንግዝ አግኝቶ ኳሊቲ እያጣ ቀኑን ሙሉ ዲሽ ሲያዞር ይውላል።

ሐይቅ_ዳርም ቢሆን ወደፊት ዲሽ ብትጨምር አስተውል፦ ይህ የገዛኸው ቡስተር ለዲሽ ኬብል አይሆንም። ከኤልኤንቢ የሚወርደው ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ነው፣ ያንተ ዕቃ 862 ላይ ያበቃል። የዲሹ ሪሲቨር ደግሞ በኬብሉ 13 እና 18 ቮልት ይልካል፣ ባለ 12 ቮልቱ ላይ ካረፈ ያቃጥለዋል። የዲሽ ኬብል ከ50 ሜትር በላይ ሲረዝም የሚገባ ሌላ አምፕሊፋየር አለ፣ ከ950 እስከ 2150 የሚል ተጽፎበታል፣ ፓወሩን ራሱ ከሪሲቨሩ ይወስዳል። እሱም የሚገባው ከኤልኤንቢው ጠጋ ብሎ ነው።


ሐይቅ_ዳር

ሁለቱን በአንድ ኬብል ማውረድ አይቻልም ማለት ነው? ኬብል ለመቆጠብ ብዬ ነበር።


ዲሽ_ወልዲያ

አንቴናውንና ዲሹን አደባልቆ ታች የሚለይ ዕቃ አለ፣ ላይ አንድ ታች አንድ ይገጠማል። ግን ላንተ አልመክርህም። አምፕሊፋየርህ በኬብሉ 12 ቮልት ይፈልጋል፣ ኤልኤንቢው በዚያው ኬብል 13 እና 18 ይፈልጋል፤ አንድ ሽቦ ላይ ሁለቱ አይስማሙም። ለዲሹ ሌላ አርጂ 6 ለብቻው ይውረድ። ሁለቱንም ኬብል ጫፋቸው ላይ በቀለም ናስትሮ ምልክት አድርግባቸው፣ አንድ ቀን ሰው ሲያቀያይራቸው ነው ዕቃው የሚቃጠለው።